ትርፍ ኮንዲሽን ሲያገኙ፣ ከመሰረዝዎ በፊት

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚሠራ ፕሮግራም አለ እንበል። ተጠቃሚው የሞላው ቀን በካላንደሩ ውስጥ በእርግጥ ያለ ቀን መሆኑን የሚያረጋግጥ ፈንክሽን አለው። ጳጉሜን የሚመለከተው መስመር እንዲህ ይላል፦

(ወር == 13 && ቀን <= 6) || (ወር == 13 && ቀን <= 5 && ዓመት % 4 != 3)

ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6፣ በሌሎቹ ዘመናት 5 ቀን እንደሆነች ጸሐፊው ያውቃል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ዘመነ ሉቃስ መሆኑንም ያውቃል። ኮዱ ግን ይህን አይልም። 5 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቀን ሁሉ 6 ወይም ከዚያ በታች ነውና፣ የቀኙ ቅንፍ እውነት በሆነ ቁጥር የግራው ቀድሞ እውነት ሆኗል። የቀኙ ቅንፍ ኖረ አልኖረ ውጤቱ አይለወጥም። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ባይኖርም ፈንክሽኑ «አለ» ብሎ ይቀበለዋል።

አንድ የስታቲክ አናሊሲስ መሣሪያ ይህን አይቶ «የቀኙ ክፍል ትርፍ ነው» ቢልዎት እውነቱን ነው። ቃሉን ተቀብለው ቢሰርዙት ኮዱ ያጥራል፣ ማስጠንቀቂያውም ይጠፋል። የነበሩት ቴስቶች ሁሉ እንደነበሩ ያልፋሉ። ባጉ ግን ይቀራል፤ ያውም ጸሐፊው ምን አስቦ እንደነበር የሚናገረው ብቸኛ ምልክት ከኮዱ ጠፍቶ። ትክክለኛው እርማት ይህ ነበር፦

ወር == 13 && (ቀን <= 5 || (ቀን == 6 && ዓመት % 4 == 3))

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ዓይነቱ ስረዛ ነው። ትርፍ ኮንዲሽን ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ያሰበውና ኮዱ የሚለው የተለያዩበት ቦታ ነው። መሣሪያው ቦታውን ያሳይዎታል፤ ምን ታስቦ እንደነበር የማወቁ ሥራ ግን የእርስዎ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ያ ሥራ እንዳይዘለል ነው።

ደረጃ 1፦ የሚፈልጉትን ለይተው ይወቁ

ትርፍ ኮንዲሽን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓይነቱን ካወቁ፣ ማስጠንቀቂያው በመጣ ጊዜ ወዴት ማየት እንዳለብዎት ግማሹን አውቀዋል ማለት ነው።

ለዓይን ቀላሉ በግራና በቀኝ ያው አገላለጽ የተደገመበት ነው፦

ስፋት > 0 && ስፋት > 0

እንዲህ ያለው በአብዛኛው ኮፒ ተደርጎ ሁለተኛው ሳይስተካከል የቀረ ነው፤ ሁለተኛው ቁመት መሆን ነበረበት። አንዱን መሰረዝ ኮዱን ንጹሕ ያስመስለዋል እንጂ የቁመቱን ፍተሻ አይመልሰውም። ፒቪኤስ-ስቱዲዮ የተባለውን መሣሪያ የሚሠሩት ባለሙያዎች የብዙ ፕሮጀክቶችን ኮድ ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተውለዋል፦ ተመሳሳይ መስመሮች ኮፒ ተደርገው ሲደረደሩ ስህተቱ የሚበዛው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። እንዲህ ያለ ድርድር ሲያዩ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ዓይነት ሁልጊዜ እውነት ወይም ሁልጊዜ ሐሰት የሚሆነው ነው፦

ሚና != ገንዘብ_ያዥ || ሚና != ሥራ_አስኪያጅ

አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሚና ሊይዝ ስለማይችል ከሁለቱ አንዱ ምንጊዜም እውነት ነው። ይህ ኮንዲሽን «ፈቃድ የለዎትም» የሚለውን መልእክት የሚያወጣ ከሆነ ሥራ አስኪያጁም ገንዘብ ያዡም ደጅ ይቀራሉ። በመካከል የተፈለገው && ነበር። ተገላቢጦሹም አለ፤ ሚና == ገንዘብ_ያዥ && ሚና == ሥራ_አስኪያጅ የሚል ኮንዲሽን መቼም እውነት አይሆንም፤ ከሥሩ ያለው ኮድ ሁሉ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልሠራም።

ሦስተኛው መዋጥ ነው፤ የጳጉሜኑ ምሳሌ ከዚህ ይመደባል። ሰፊው ኮንዲሽን ጠባቡን ይውጠዋል።

አራተኛው ብቻውን ሲታይ ምንም የማይመስል፣ ትርፍነቱ ከዙሪያው የሚመጣ ነው። ከላይ «ቀሪ ሒሳብ ከዜሮ በታች ከሆነ ተመለስ» የሚል መስመር ካለ፣ ከታች ቀሪ_ሒሳብ >= 0 ብሎ መጠየቅ ትርፍ ነው። የዳታው ዓይነትም እንዲህ ያደርጋል። በሲ ቋንቋ ኔጌቲቭ መሆን የማይችል የኢንቲጀር ዓይነት አለ፤ በዚያ ዓይነት የተያዘ ቆጣሪ >= 0 ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ መልሱ አዎ ነው። ይህን ግን እንደ ቀላል አይለፉት። ዝርዝርን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚሄድ ሉፕ ማቆሚያው ይህ ከሆነ አይቆምም። ቆጣሪው ዜሮ ደርሶ አንድ ሲቀነስለት ወደ ትልቁ ቁጥር ይዞርና ሉፑ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሜሞሪ ማንበብ ይጀምራል። መሣሪያው የሚለው «ኮንዲሽኑ ሁልጊዜ እውነት ነው» ብቻ ነው፤ ከዚያ አጭር ዓረፍተ ነገር በስተጀርባ ያለው ግን የደኅንነት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ መሣሪያውን ያስኪዱ፤ ዝም እንዳላሰኙትም ያረጋግጡ

ስታቲክ አናሊሲስ ፕሮግራሙን ሳያስኬድ ኮዱን አንብቦ የሚመረምር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ስቲቨን ጆንሰን በቤል ላብስ ለሲ ቋንቋ የሠራው ሊንት በ1978 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ቀርቧል፤ ዛሬ በየቋንቋው «ሊንተር» የምንለው ስም የመጣው ከእሱ ነው። የዛሬዎቹ ግን ከጽሑፉ ቅርጽ አልፈው እሴቶችን ይከታተላሉ። በጳጉሜኑ መስመር ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያስበው በግምት ይህን ነው፦ «ወደ ቀኙ ቅንፍ የደረስኩት የግራው ሐሰት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ወይ ወሩ 13 አይደለም፣ ወይ ቀኑ ከ6 በላይ ነው። ወሩ 13 ካልሆነ የቀኙ ቅንፍ እዚያው ይወድቃል። ወሩ 13 ከሆነ ደግሞ ቀኑ ቢያንስ 7 ነው፤ ታዲያ 5 ወይም በታች ሊሆን አይችልም።» በእያንዳንዱ መንገድ ላይ የእሴቶችን ክልል ይዞ መሄድ ማለት ይህ ነው፤ አንባቢ ሰው ሲደክመው የሚዘለውን ማሽኑ አይዘለውም።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ መሣሪያዎች ከእነዚህ ፍተሻዎች የተወሰኑትን ዘግተው ነው የሚመጡት። ሰው ጭኖ፣ አስኪዶ፣ «ምንም የለም» ብሎ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

በሲ እና በሲ++ የሚሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ኮምፓይለሩን ይጠቀሙ። በጂሲሲ «ሎጂካል-ኦፕ» እና «ዱፕሊኬትድ-ኮንድ» የሚባሉት የማስጠንቀቂያ አማራጮች «ኦል» በሚለው ጥቅል ውስጥ የሉም፤ በስማቸው መጥራት አለብዎት። ሁለተኛው ከ6ኛው ስሪት ወዲህ የመጣ ነው። ሲፒፒቼክም እንዲሁ ሳይታዘዝ የሚያሳየው ስህተት ብቻ ስለሆነ «ስታይል» የሚለውን ክፍል ካልከፈቱለት ሁልጊዜ እውነት ስለሆኑ ኮንዲሽኖች አይነግርዎትም። ክላንግ-ታይዲ ደግሞ «ሚስክ-ሪደንደንት-ኤክስፕሬሽን» የተባለ ፍተሻ አለው።

በጃቫ ኢንተሊጄይን የሚጠቀሙ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። የዳታ ፍሰት ፍተሻው ጠንካራ ነው፤ ኮንዲሽኑ ሁልጊዜ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን እዚያው እየጻፉ ሳለ ቀለም ቀብቶ ያሳያል። በጃቫስክሪፕት ኢኤስሊንት «ኖ-ዱፕ-ኤልስ-ኢፍ» እና «ኖ-ኮንስታንት-ባይናሪ-ኤክስፕሬሽን» የተባሉ ደንቦች አሉት፤ ሁለተኛው ከ9ኛው ስሪት ጀምሮ ከሚመከሩት ደንቦች መካከል ገብቷል። የታይፕስክሪፕቱ «ኖ-አንኔሰሰሪ-ኮንዲሽን» ከዚህም አልፎ ይሄዳል፣ ነገር ግን የዓይነት መረጃ ይፈልጋል፤ በታይፕስክሪፕት ቅንብር ውስጥ የነል ጥብቅ ፍተሻ ካልተከፈተም በትክክል አይሠራም። በፓይተን ፓይሊንትን ያስኪዱ፤ በማይፓይ ላይ ደግሞ ሊደረስበት የማይችል ኮድ እንዲያሳይ የሚያዘውን አማራጭ ለብቻው ይክፈቱ፤ «ስትሪክት» ማለት ብቻውን አይከፍተውም። በጎ «ቬት» ከቋንቋው ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚጭኑት ነገር የለም፤ የሚናውን ዓይነት መስመር «አጠራጣሪ» ብሎ ይነግርዎታል። በፒኤችፒ የፒኤችፒስታን 4ኛ ደረጃ ይህን ሥራ ይጀምራል።

መሣሪያው መሥራቱን ለማወቅ በግልጽ ትርፍ የሆነ አንድ ኮንዲሽን ሆን ብለው ይጻፉና ያስኪዱት። ካልጮኸ ቅንብሩን ያስተካክሉ፤ ከጮኸ የጻፉትን ኮንዲሽን ያጥፉትና ይቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ ማስጠንቀቂያዎቹን በአደጋቸው መጠን ይደርድሩ

በቆየ ኮድ ላይ መጀመሪያ ሲያስኬዱ የሚመጣው ዝርዝር ረጅም ነው። ከላይ ጀምሮ በፋይል ስም ቅደም ተከተል መሄድ ጊዜ ያባክናል፤ ጉልበት ያለው ትኩረትዎም በማይረቡት ላይ ያልቃል።

እኔ የምመክረው ሁልጊዜ ሐሰት ከሆኑት መጀመር ነው፤ ምክንያቱም ከሥራቸው አንድ ሰው ይሠራል ብሎ የጻፈው፣ የማይሠራ ኮድ አለ። ቀጥሎ ሁለት ወገኑ ተመሳሳይ የሆነውን ይዩ። ከዚያ ሁልጊዜ እውነት የሆኑትን፤ ከእነዚህም ውስጥ በሉፕ ማቆሚያ ላይ ያሉትን፣ ፈቃድ ወይም ገንዘብ የሚወስኑትን ያስቀድሙ። «ሊያጥር ይችላል» የሚለው የአጻጻፍ ምክር የመጨረሻው ነው፤ ጨርሶ ባይደርሱበትም ፕሮግራሙ አይጎዳም።

ደረጃ 4፦ ጸሐፊው ምን አስቦ ነበር?

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የሥራው ልብ ይህ ነው።

ጊት የእያንዳንዱን መስመር ታሪክ ይነግርዎታል። መስመሩ የተጻፈው በአንድ ኮሚት ነው ወይስ በሁለት? በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ከሆነ፣ ሁለተኛው ሰው ምን ሊያስተካክል ብሎ እንደጨመረ የኮሚቱን መልእክት ያንብቡ። በጳጉሜኑ ምሳሌ ላይ የቀኙ ቅንፍ በኋላ «ጳጉሜን 5 የምትሆንበትን ዓመት ለማካተት» ተብሎ የተጨመረ ቢሆን፣ ጥያቄው እዚያው ይፈታል፦ እርማት ታስቦ ነበር፣ እርማቱ ግን አልሠራም። ጸሐፊው አሁንም አብሮዎት የሚሠራ ከሆነ ሄደው ይጠይቁት፤ ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ መልስ ከእሱ ያገኛሉ። ከሌለ የሥራውን ደንብ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቁ። የፈቃዱን ኮንዲሽን በተመለከተ ማን መግባት እንዳለበት የሚያውቀው የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ኮዱ አይደለም።

ይህን ጥያቄ መዝለል ምን እንደሚያስከትል በደንብ የሚያሳየው በ2009 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የተገኘው ቀዳዳ ነው። ሲቪኢ-2009-1897 በሚል ቁጥር ተመዝግቧል። ነገሩ «ቱን» በተባለው የኔትወርክ ድራይቨር ውስጥ ነው። አንዱ ፈንክሽን ሲጀምር ቱን ከተባለው ፖይንተር ውስጥ የሶኬቱን አድራሻ ያነባል። ጥቂት መስመሮች ወረድ ብሎ «ቱን ነል ከሆነ ስህተት መልስ» የሚል ፍተሻ አለ። ፍተሻው አለ፤ ኮዱን የሚያነብ ሰውም ያምነዋል። ቦታው ግን ተሳስቷል፤ መጀመሪያ ተጠቀመበት፣ በኋላ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ጂሲሲ ይህን ሲያይ በራሱ ደንብ አሰበ። በሲ ቋንቋ ደንብ ነል በሆነ ፖይንተር ማንበብ ትርጉም የሌለው ተግባር ነው። ፕሮግራሙ ከላይ አንብቦበታልና ፖይንተሩ ነል አይደለም ማለት ነው፤ እንግዲያው የታችኛው ፍተሻ ትርፍ ነው ብሎ ፕሮግራሙን ለማፍጠን ሰረዘው። በተለመደው ሁኔታ ከርነሉ ነል ሲያነብ ይወድቃል፤ ጉዳቱም እዚያው ያበቃል። ነገር ግን አድራሻ ዜሮ ላይ የራሱን ሜሞሪ ማስቀመጥ ለቻለ አጥቂ ንባቡ አይወድቅም፣ የሚያስቆመው ፍተሻም የለም፤ ከርነሉ አጥቂው ባዘጋጀው ዳታ ይቀጥላል። ብራድ ስፔንግለር በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. ይህን በተግባር የሚያሳይ ኮድ አወጣ፤ ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ጌታ ሆነ።

እርማቱ የንባቡን መስመር ከፍተሻው በታች ማውረድ ብቻ ነበር። ከርነሉም ከዚያ ወዲህ ኮምፓይለሩ የነል ፍተሻዎችን እንዳይሰርዝ በሚያዝ አማራጭ ይገነባል።

እዚህ ላይ የሚስተዋለው፣ አንዱ «ይህ ፍተሻ ትርፍ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሁለት ተቃራኒ እርማቶች እንዳሉት ነው። ፖይንተሩ በእርግጥ ነል የማይሆን ከሆነ ፍተሻው ይሰረዛል። ሊሆን የሚችል ከሆነ ፍተሻው ወደ ላይ ይወጣል። የትኛው እንደሆነ መስመሩን ብቻ በማየት አይታወቅም፤ ፈንክሽኑን ማን እንደሚጠራው፣ የኔትወርክ መሣሪያው ሳይያያዝ የሚጠራበት መንገድ መኖር አለመኖሩን ሄዶ ማየት ይጠይቃል። ኮምፓይለሩ ይህን አላየም፤ ማየትም አይጠበቅበትም። ከእርስዎ ግን ይጠበቃል።

ደረጃ 5፦ እንደገና ይጻፉ፤ እኩልነቱን ያረጋግጡ

የታሰበውን ካወቁ በኋላ የቀረው አልጀብራ ነው። ጆርጅ ቡል በ1854 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ስሌትና ኦገስተስ ደ ሞርጋን ያስቀመጣቸው ሕጎች ለዚህ ይበቃሉ። በእጅዎ እንዲኖሩ እነሆ፦

ሀ || (ሀ && ለ) ከ ሀ ጋር እኩል ነው
ሀ || (!ሀ && ለ) ከ ሀ || ለ ጋር እኩል ነው
(ሀ && ለ) || (ሀ && !ለ) ከ ሀ ጋር እኩል ነው
!(ሀ && ለ) ከ !ሀ || !ለ ጋር እኩል ነው
!(ሀ || ለ) ከ !ሀ && !ለ ጋር እኩል ነው

ሁለተኛው በየቀኑ የሚያጋጥመው ነው፦ ደንበኛ == ነል || (ደንበኛ != ነል && ደንበኛ.ታግዷል)። ወደ ቀኙ የሚደረሰው ደንበኛው ነል ካልሆነ ብቻ ስለሆነ፣ መካከለኛውን ፍተሻ ያለ ሥጋት ማውጣት ይቻላል። የግራና የቀኙን ቦታ ግን አይለዋውጡ፤ ደንበኛ.ታግዷል ወደ ግራ ከመጣ ፕሮግራሙ ነል ላይ ይወድቃል። በወረቀት ላይ ሀ || ለ እና ለ || ሀ አንድ ናቸው፤ በኮድ ውስጥ አይደሉም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ሰው ቅንፍ ሲፈታ && ን ወደ || መቀየር እየረሳ የሚሳሳትባቸው ናቸው፤ ቅንፍ በፈቱ ቁጥር ተመልሰው ይዩአቸው።

እነዚህ ሕጎች የሚሠሩት ሀ እና ለ ተጠይቀው የሚመልሱ ብቻ ሲሆኑ ነው። ለ ሲጠራ ፋይል የሚጽፍ፣ ቆጣሪ የሚጨምር ወይም ከወረፋ አንድ ሰው የሚያወጣ ፈንክሽን ከሆነ፣ በሦስተኛው ሕግ መሠረት ማውጣት ሥራውን አብሮ ያስቀረዋል። እንዲህ ያለ ፈንክሽን በኮንዲሽን ውስጥ ካገኙ መጀመሪያ ከኮንዲሽኑ በፊት ጠርተው ውጤቱን በስም ያስቀምጡት፤ ማቅለሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እኩልነቱን በዓይን አይፍረዱ። አራት የእውነት-ሐሰት ጥያቄዎች ያሉት ኮንዲሽን 16 ረድፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሠንጠረዡን በእጅ መሥራት ይቻላል። ቁጥሮች ካሉበት ሁሉንም የሚሞክር ሉፕ ይጻፉ። ለጳጉሜኑ ፈንክሽን ወርን ከ0 እስከ 14፣ ቀንን ከ0 እስከ 31፣ ዓመትን አራቱን ወንጌላውያን በሚሸፍኑ ተከታታይ አራት ዓመታት ቢያደርጉ 1,920 ጥምረት ነው፤ ለኮምፒውተር ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ሥራ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስኪዱና የተለያዩበትን ያውጡ። ባህሪ እንዳይቀየር የታሰበ እርማት ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት። ባግ ማረም ከሆነ ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው የጠበቁት ብቻ መሆን አለበት፦ ዘመነ ሉቃስ ባልሆኑት ሦስት ዓመታት ጳጉሜን 6፣ ሌላ ምንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ ስለፈቀደ ብቻ ሁሉን አያሳጥሩ። ዘመነ ሉቃስን ለጊዜው እንተወውና ይህን ይመልከቱ፦

(ወር != 13 && ቀን <= 30) || (ወር == 13 && ቀን <= 5)

5 ከ30 ስለሚያንስ፣ ወር == 13 የሚለው ቢወጣም ውጤቱ ያው ነው፤ በሒሳብ አነጋገር ትርፍ ነው። ነገር ግን እንዳለ ሲነበብ «ጳጉሜን ካልሆነ 30፣ ጳጉሜን ከሆነ 5» ይላል፤ ካላንደሩን የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ይረዳዋል። አጥሮ ሲነበብ ግን አንባቢው ሒሳቡን እንደገና ሊሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ይተዉት።

ደረጃ 6፦ ትርፍ መስለው ሥራ ያላቸውን ይለዩ

በአንዳንድ ቦታዎች መደጋገሙ ሆን ተብሎ ነው። ቁጥር == ቁጥር የሚል መስመር ሞኝነት ይመስላል፤ በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥሮች ግን ናን የሚባለው እሴት ከራሱ ጋር እኩል ስላልሆነ፣ ይህ ናንን የማወቂያ የቆየ ዘዴ ነው። ቋንቋዎ ለዚህ የተሰየመ ፈንክሽን ካለው በእሱ ይተኩት፤ ዝም ብለው ግን አይሰርዙት። በኤስኪውኤልም እንዲሁ ነው፦ ደመወዝ > 5000 ወይም ደመወዝ <= 5000 የሚለው ሁሉንም ረድፍ የሚያመጣ ይመስላል፣ ደመወዛቸው ነል የሆኑትን ግን አያመጣም። መሣሪያዎ «ሁልጊዜ እውነት» ስላለው ቢሰርዙት፣ ደመወዛቸው ነል የሆኑት ሠራተኞች ከየት እንደመጡ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው አይረዳም።

ብዙ ትሬድ ባለበት ኮድ ያው ፍተሻ መቆለፊያው ከመያዙ በፊትም በኋላም ሊታይ ይችላል። በሁለቱ መካከል ሌላ ትሬድ እሴቱን ሊቀይረው ስለሚችል ሁለተኛው አስፈላጊ ነው። በጃቫ ይህ አጻጻፍ ደህና የሆነው በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው በጃቫ 5 የሜሞሪ ደንቡ ከታረመ በኋላ ነው፤ ያም ሆኖ ተለዋዋጩ «ቮላታይል» ተብሎ መታወጅ አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከውጭ በሚመጣ ዳታ ላይ ያለው ነው። በታይፕስክሪፕት «ይህ ፊልድ ነል አይሆንም» ተብሎ ስለታወጀ መሣሪያው ፍተሻውን ትርፍ ይለዋል። ያ አዋጅ ግን የእርስዎ ተስፋ ነው፤ በሌላ ሰው ሰርቨር የሚላከው ዳታ አዋጁን አላነበበውም። እዚህ የሚታረመው ዓይነቱ ነው፦ ነል ሊሆን እንደሚችል ያውጁ፣ ፍተሻው ትርፍ መሆኑ ያበቃል።

እንዲቀር የወሰኑትን ማስጠንቀቂያ በዚያ መስመር ላይ ብቻ ዝም ያሰኙት፣ ምክንያቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉበት። ደንቡን በሙሉ ፕሮጀክቱ ላይ መዝጋት አንዱን ዝም ለማሰኘት ሁሉንም ማሰናበት ነው።

ደረጃ 7፦ ኮሚቱን ይለዩ፤ በሩንም ይጠብቁ

ባህሪ የማይቀይረውን ማቅለልና ባህሪ የሚቀይረውን እርማት በአንድ ኮሚት አይቀላቅሉ። የመጀመሪያውን የሚገመግም ባልደረባ የሚጠይቀው «እኩል ናቸው ወይ?» ብሎ ነው፤ የሁለተኛውን የሚገመግም «የተፈለገው ይህ ነው ወይ?» ብሎ። ሁለቱ ሲደባለቁ ሁለቱም ጥያቄ ሳይመለስ ያልፋል። ለእርማቱ ቴስት ሲጽፉ ድንበሩ ላይ ይጻፉት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ይቀበል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 አይቀበል፣ ጳጉሜን 7 በየትኛውም ዓመት አይቀበል።

ከዚያ መሣሪያውን እያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት በሚያልፍበት ሲአይ ውስጥ ያስገቡት። የቆየው ኮድ ማስጠንቀቂያ ብዙ ከሆነ ሁሉም እስኪያልቅ አይጠብቁ። ፒኤችፒስታን ያሉትን ማስጠንቀቂያዎች መዝግቦ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ብቻ እንዲያግድ ማድረግ ይቻላል፤ ሶናርኩብም አዲስ ኮድን ከአሮጌው ለይቶ ይፈትሻል። አሮጌውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ ከላይ በተቀመጠው የአደጋ ቅደም ተከተል ይጨርሱት።

የመሣሪያውን ስሪት ቁጥር በፕሮጀክቱ ውስጥ ይቆልፉ። አዲስ ስሪት ሲወጣ ከዚህ በፊት ያላያቸውን ኮንዲሽኖች ማየት ይጀምራል፤ ይህ በሌላ ሥራ ላይ ያለን ሰው ፑል ሪኩዌስት ድንገት እንዳያቆም፣ ስሪቱን ከፍ ማድረጉን ለብቻው ቀን ይቁረጡለት፤ አዲስ የወጡትንም ማስጠንቀቂያዎች ከደረጃ 3 ጀምረው እንደገና ይዩአቸው።